ቨርቹዋል ሪያሊቲ በትምህርት ቤት፤ ዘላቂ መሣሪያ ወይስ አላፊ ትርኢት?

ዓይንን ጋርዶ ተመልካቹን ከሌለበት ሥፍራ ያለ የሚያስመስለው ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይዘልቃል ወይስ ያልፋል የሚለው ክርክር የቆየ ነው። አይቫን ሰዘርላንድ በራስ ላይ የሚጠለቀውን ማሳያ የሠራው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኒንቴንዶ በ1995 ያወጣው ቨርቹዋል ቦይ ግን ዓመት ሳይደፍን ከገበያ ወጥቷል።

ለመምህራን ይበልጥ አስተማሪ የሚሆነው የጉግል ሙከራ ነው። ድርጅቱ በ2014 ርካሽ የካርቶን መነጽር አወጣ፤ በ2015 ተማሪን በምስል ሩቅ አገር የሚያስጐበኘውን ኤክስፔዲሽንስን አስተዋወቀ፤ በ2021 ዘጋው። መነጽሩ በመምህሩ እጅ ቀረ፤ ትምህርቱ ሄደ። ጉድለቱ የምስል ጥራት ብቻ አልነበረም፤ ተማሪው አየ እንጂ አልሠራም። (የፕላዝማ ቴሌቪዥንን ዘመን ያሳለፈ የአገራችን መምህር ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።)

በአንጻሩ ኤድዊን ሊንክ በ1929 የሠራው የበረራ መለማመጃ ዝርያዎች እስከ ዛሬ፣ በአዲስ አበባም ጭምር፣ አብራሪዎችን ያሠለጥናሉ። ተለማማጁ ይሳሳታል፣ ይታረማል፤ አውሮፕላን ግን አይወድቅም።

እንግዲህ የዕቅድ ባለሙያው መሣሪያውን አደገኛ የኬሚስትሪ ሙከራ ለማለማመድ ከፈለገው ይግዛው። ፒራሚድ ለማሳየት ከሆነ ግን የግድግዳ ሥዕልና መተረክ የሚችል መምህር ይበቃሉ።