በሴሌኒየም የበለጸገ ሰላጣ፦ ከቤተ ሙከራ እስከ ገበታ

ሰላጣን ያለ አፈር፣ ንጥረ ነገር በሟሟበት ውኃ አብቅሎ በሴሌኒየም ማበልጸግ በርካታ የምርምር ጽሑፎችን ያስገኘ ርእስ ነው። ከእነዚህም አንዱ ፖላንዳዊቷ ባርባራ ሃቭሪላክ-ኖቫክ በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው፣ ሴሌናይትና ሴሌኔት የተባሉትን ሁለት የሴሌኒየም ዓይነቶች በሰላጣ ላይ ያነጻጸረው ጥናት ነው። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ጥንካሬ ግልጽ ነው። በአፈር ውስጥ ተክሉ የሚያገኘው ሴሌኒየም እንደ አፈሩ ጠባይ ይለዋወጣል፤ በውኃ ውስጥ ግን ተመራማሪው የሰጠውን መጠን በትክክል ያውቃል። ሴሌኔት ሰልፌት በሚያልፍበት መንገድ ወደ ቅጠሉ ሲወጣ፣ ሴሌናይት በአብዛኛው ከሥሩ ላይ ይቀራል። መጠኑ ሲበዛ ግን ሁለቱም ተክሉን ያቀጭጩታል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው የዕፅዋቱ ጥናት ወደ ሕክምና ሲሻገር ነው። የዘርፉ ጽሑፎች መግቢያቸው ስለ ሰው ጤና ያወሳል፤ ሰንጠረዦቻቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሰሉት በደረቅ ክብደት ነው። ሰላጣ ደግሞ 95 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። በአንድ ግራም ደረቅ ቅጠል 10 ማይክሮግራም ሴሌኒየም አለ ብንል፣ 100 ግራም ትኩስ ሰላጣ የሚይዘው 50 ማይክሮግራም ይሆናል፤ ይህም ለአዋቂ ሰው በቀን ከሚመከረው 55 ማይክሮግራም ጋር ይቀራረባል። በደረቁ ቅጠል ያለው መጠን ዐሥር እጥፍ ቢያድግ ግን ያው ሳህን 500 ማይክሮግራም ይይዛል፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 እ.ኤ.አ. ለአዋቂዎች ያስቀመጠው የዕለት ጣሪያ 255 ነው። በቻይና ኤንሺ በ1960ዎቹ ፀጉርና ጥፍር ያረገፈው መመረዝ የመጣው ከምግብ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ስለዚህ ሐኪም የሚሻው ቁጥር በሳህኑ ላይ ያለው ነው። ሴሌኔትና ሰልፌት በአንድ በር የሚሻሙ በመሆናቸውም፣ የሰልፈርና የሌሎች ማዕድናት መጠን ሳይቀርብ ቅጠሉን «በማዕድን የበለጸገ» ማለት ችኮላ ነው።

ካንሰርን ይከላከላል የሚለውም ተስፋ ቢሆን በጥንቃቄ ሊነገር ይገባዋል። ሴሌክት የተባለውና ከ35 ሺህ በላይ ወንዶችን ያሳተፈው ጥናት በቀን 200 ማይክሮግራም ሴሌኒየም የፕሮስቴት ካንሰርን እንዳልቀነሰ በማሳየቱ፣ መድኃኒቱን መስጠት በ2008 እ.ኤ.አ. ቆሟል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ጉድለት ባለበት ነው።

ጉድለቱ ደግሞ በአገራችን አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የደም ምርመራ ጥናት የሴሌኒየም እጥረት በኢትዮጵያ ሰፊ እንደሆነና ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አሳይቷል። ሴሌኒየም የታይሮይድን ሆርሞን ወደሚሠራበት መልክ ለሚለውጡት ኢንዛይሞች አስፈላጊ ስለሆነ፣ እንቅርት በሚበዛበት አካባቢ ጉዳዩ የአዮዲን ብቻ አይደለም። ይሁንና እጥረቱ የሚጎዳው ገበሬ የዕለት ምግቡን የሚያገኘው ከጤፉ፣ ከበቆሎውና ከስንዴው ነው፤ ፓምፕና የተመጠነ ማዳበሪያ የሚጠይቀው ሰላጣ ከከተማ ምግብ ቤት አልፎ እርሱ ዘንድ አይደርስም። (በንጹሕ ውኃ የበቀለ ሰላጣ ለአዲስ አበባ ተመጋቢ ሌላ ጥቅም እንዳለው የአቃቂን ወንዝ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል፤ እርሱ ግን ሌላ ክርክር ነው።) ፊንላንድ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴሌኔትን የጨመረችው በማሳ ማዳበሪያ ላይ ነበር፤ ማዕድኑም በእህልና በመኖ፣ ከዚያም በወተትና በሥጋ አልፎ ወደ ሕዝቡ ደረሰ። የምግቡና የደሙ መጠን በየጊዜው ይለካ ስለነበር በ1990 እ.ኤ.አ. የማዳበሪያው ሴሌኒየም እንዲቀነስ ተደርጓል።