ቅጠል ላይ የሚያድር ውሃ

ክረምት ሲገባ ጀሞ ውስጥ ቲማቲም የተከለ ሁሉ «ምን ልርጭበት?» ይለኛል። ከመመለሴ በፊት ቅጠሉን እገለብጣለሁ። በማለዳ፣ በጠቆረው ቦታ ዙሪያ ከሥር በኩል ነጭ ሻጋታ ካየሁ የድንችና የቲማቲም ዋና ገዳይ ገብቷል ማለት ነው። ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አየርላንድን ለረሀብ የዳረገው ይኸው በሽታ ነው። በልማድ ፈንገስ ብንለውም፣ የዘመኑ ሳይንስ የሚመድበው ከውሃ ሻጋታዎች ወገን ነው። ይህን ማወቅ ለአትክልተኛ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የበሽታው ዘር ቅጠል ላይ ባደረ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየዋኘ ነው የሚገባው። የሐምሌና የነሐሴ ሌሊት ደግሞ ቀዝቃዛም እርጥብም ነው።

ስለዚህ ትግሌ ከእርጥበቱ ጋር ነው። ተክሉን አራርቄ እተክላለሁ፤ በእንጨት አቁሜ አስራለሁ፤ መሬት የሚነካውን ቅጠል እቆርጣለሁ። ዋልካ አፈር ውሃ ስለሚይዝ መደቡን ከፍ አደርጋለሁ። ከላይ ላስቲክ እዘረጋለሁ፣ ጎኑን ግን ክፍት እተዋለሁ። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ዙሪያውን በላስቲክ የታፈነ ቲማቲም ሳይ በጣም አዝናለሁ፤ ዝናቡ ባይነካውም ትንፋሹ ውስጡ ታምቆ ቅጠሉ ሳይደርቅ ይውላል።

ወደሚረጨው ስንመጣ፣ ማንኮዜብ የሚባለው መድኃኒት ጤነኛውን ቅጠል ይሸፍናል እንጂ የገባውን በሽታ አያወጣም። ከታየ በኋላ መርጨት ብር ማባከን ነው፤ ከተረጨ በኋላም ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ ፍሬው አይበላም። ድንች ለሚተክል ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣውን በለጠ የተባለ ዝርያ እመክራለሁ፤ በሽታውን ከብዙዎቹ ዝርያዎች በተሻለ ይቋቋማል። ካለፈው ዓመት መሬት ውስጥ ቀርቶ የበቀለ ድንች ካለ ግን ይነቀል፤ በሽታው የሚከርመው እዚያ ነው። ነፋስ አጥር ስለማያውቅ ይህን ለጎረቤትም መንገር ያስፈልጋል፤ እኔ በር አንኳኩቼ እለምናለሁ።

ጽጌረዳ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በበጋ ቅጠሉን እንደ ዱቄት የሚሸፍነው ነጭ ፈንገስ ለመያዝ እርጥብ ቅጠል አይፈልግም፤ ውሃ እንዲያውም ይጎዳዋል። የክረምቱን ጥንቃቄ ይዞ ቅጠሉን ከውሃ የሚጠብቅ ሰው ሳያውቅ ያመቻችለታል። የተያዘውን ቀንበጥ ቆርጬ አስወግድና የቀረውን በማለዳ በውሃ አጥባለሁ፤ ማታ ካጠቡት ግን ጥቁር ነጥብ የሚባለው ሌላው በሽታ ይከተላል።