የወደቀ ጠብታ



ቁርኣን ቤት በሉሕ የቀራ ሰው የቀለምን ጠባይ ያውቃል። እኛ ከምጣድ ሥር ጥላሸት ፍቀን፣ ሙጫ በውኃ አሟሙተን እንበጠብጥ ነበር። ሙጫው ካነሰ ቀለሙ ሉሑ ላይ ይፈሳል፤ ከበዛ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ሉሑ በደንብ ካልታጠበ የትናንቱ ጽሑፍ ከዛሬው ሥር ይታያል። ከሁሉ የከፋው ግን ሳይታሰብ ከብዕሩ ጫፍ የሚወርደው ጠብታ ነው። በዐረብኛ ፊደል አንዲት ነጥብ ከላይ ብትወድቅ «ሓ» የነበረው «ኻ» ይሆናል፤ ቃሉም ሌላ ቃል ይሆናል። ሸኻችን እንዲህ ያለ ሉሕ ሲያዩ ፍርዳቸው አንድ ነበር፤ «እጠበው!»

ይህን ያስታወሰኝ የሱዳናዊው ሠዓሊ የኢብራሂም ኤል-ሰላሂ ሥራ ነው። ሥዕሎቻቸውን ያየኋቸው በመጽሐፍ ታትመው ነው። ብዙዎቹ በጥቁር ቀለም ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ገሚሶቹ ሰውን ወይም ዛፍን ያስታውሳሉ፤ ገሚሶቹ ደግሞ ምንም የሚታወቅ መልክ የሌላቸው ረቂቅ ሥዕሎች ናቸው። «ይህንማ ሕፃን ልጅም ይሞነጭረዋል» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ችኮላችንን ትተን ሥራው ከምን እንደ ተሠራ እንመልከት።

ኤል-ሰላሂ እ.ኤ.አ. በ1930 ኦምዱርማን ተወለዱ። አባታቸው የቁርኣን አስተማሪ ነበሩና ልጅየው ብዕርና ሉሕ የለመዱት ገና በልጅነታቸው ነው። ሥዕልን በካርቱም፣ ቀጥሎም ከ1954 እስከ 1957 ለንደን በሚገኘው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። ተመልሰው ካርቱም ውስጥ ሥራቸውን ሲያሳዩ ግን የአገራቸው ሰው ፊት ነሳቸው። እሳቸውም ሕዝቡን አልወቀሱም። ብሩሻቸውን ለጊዜው አስቀምጠው አገሩን ዞሩ፤ ሰዉ በግድግዳው የሚሰቅለውን ጽሑፍ፣ በዕቃው ላይ የሚያወጣውን ጌጥ ተመለከቱ። ከዚያ በኋላ በሥዕሎቻቸው ጥግ ትንንሽ ጽሑፍ ማስገባት ጀመሩ። በመጨረሻም ፊደሉን ራሱን ሰበሩት፤ ከስብርባሪው መካከል ፊቶች፣ እንስሳትና ዕፅዋት መውጣት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ቅር የሚለው አንባቢ ይኖራል። እኔንም መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። አላህ ቃሉን ያወረደበትን ቋንቋ ፊደል መስበር ከአንድ የቁርኣን አስተማሪ ልጅ ይጠበቃልን? ደጋግሜ ስመለከት ግን አንድ ልዩነት ተገለጠልኝ። ጸሐፊ አማና አለበት፤ የሚጽፈው ቃል የእሱ አይደለም፤ ስለዚህ ጠብታው ጠላቱ ነው፣ ሊያጥበው ይገባል። ኤል-ሰላሂ የሰበሩት ፊደል ግን ቃል አይሸከምም። ማንም አያነበውም፤ ማንንም አያሳስትም። የቀረው መስመሩ ብቻ ነው፤ የመስመሩ መወፈርና መቅጠን፣ የብዕሩ መታጠፍ። ቃል በሌለበት ቦታ ጠብታ ስሕተት መሆኑ ያበቃል፤ ሠዓሊው የሚመልስለት ጥያቄ ይሆናል።

ወረቀትም እንደ ቀለሙ የራሱ ትእዛዝ አለው። በ1975 ኤል-ሰላሂ በባህል ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሳሉ በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተጠርጥረው ታሰሩ። ካርቱም በሚገኘው ኮበር እስር ቤት ያለ ፍርድ ስድስት ወር ከስምንት ቀን ቆዩ። መጻፊያ ይዞ መገኘት በዚያ ያስቀጣ ነበር። እሳቸው ግን ከሲሚንቶ ከረጢት በተቀደደ ቁራጭ ላይ በቁራጭ እርሳስ እየሣሉ አሸዋ ውስጥ ይቀብሩት ነበር። ቁራጩ ትንሽ ስለሆነ ሥዕሉ ሙሉ ሆኖ አይገባበትም። ስለዚህ ከአንድ ትንሽ ፍሬ ተነሥቶ በቁራጭ ላይ ቁራጭ እየተጨመረ የሚያድግ ሥዕል ማሰብን ለመዱ።

ከዓመታት በኋላ፣ በ1984 እና በ1985፣ «የማይቀረው» የተባለውን ታላቅ ሥዕል በሕንድ ቀለም ሲሠሩ ወረቀት አልቸገራቸውም። ሆኖም ሥዕሉ በዘጠኝ ክፍል የተገጣጠመ ነው። የእስር ቤቱ ልማድ ከእጃቸው አልወጣም። የሕንድ ቀለምም ቢሆን ለእኛ ባዳ አይደለም፤ መሠረቱ ያው የቁርኣን ቤቱ ጥላሸት ነው።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ተነሥተን «እስር ቤቱ ጥበብ አስተማራቸው» እንዳንል እንጠንቀቅ። እንዲህ ማለት ለበዳይ ምስጋና ማቅረብ ነው። በዚያው ግንብ ውስጥ ታስሮ አንዲት መስመር እንኳ ያልሣለ ስንቱ ነው! ግፉ የሰጣቸው ጥበት ብቻ ነው፤ ለጥበቱ መልስ የሰጠው በልጅነት የሠለጠነው እጃቸውና ሰብራቸው ነው።

ሦስተኛው ጥበት ሕመም ነው። በእርጅናቸው የጀርባ ሕመምና የፓርኪንሰን በሽታ ትልቅ ሸራ ፊት እንዳይቆሙ ከለከሏቸው። ከ2016 ጀምሮ በወንበራቸው ተቀምጠው በራሳቸው የመድኃኒት ካርቶኖች ጀርባ ላይ በቀለም መሣል ያዙ። ሥራዎቹ «ሕመም ማስታገሻ» ተባሉ፤ በ2022 ኒው ዮርክ ውስጥ ለእይታ ቀርበዋል። እዚህ የሥዕሉን ስፋት የወሰነው ሠዓሊው አይደለም፤ መድኃኒት ፋብሪካው ነው። መዳፍ በምታህለው ካርቶን ላይ መስመሩ ሩቅ መሄድ አይችልም፤ ጠርዝ ሲደርስ ይመለሳል፣ በራሱ ላይ ይጠመጠማል፣ ይጠብቃል። ለእኔ ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚበልጡት እነዚህ ናቸው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ከእነዚህ ትንንሽ ሥዕሎች አንዳንዶቹ በኅትመት ዘዴ ጎልተው በትልቅ ሸራ ላይ ወጥተዋል። መስመሩ ያው መስመር ነው፤ ዳሩ ግን ለምን እንደ ታጠፈ ምክንያቱ ጠፍቷል። ጠርዙ ሲያስገድደው የታጠፈ መስመር ሰፊ ሜዳ ላይ ሲቀመጥ ጌጥ ብቻ ይሆናል። የካርቶኑ ሻካራነትና ቀለሙን የመጠጡ ነገር አብሮ አይጎላም። ሥዕሉ ተለቀ፤ ትግሉ ግን አነሰ።

ሰው ይህን ሁሉ «አጋጣሚ» ይለዋል። እኛ ደግሞ ያለ አላህ ፈቃድ ቅጠል እንኳ እንደማይወድቅ እናምናለን። ነገር ግን ቀደርን ማመን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። የወደቀውን ጠብታ እኛ አልመረጥነውም፤ ከጠብታው ቀጥሎ የሚሰመረው መስመር ግን የሚጠየቀው ከእኛ ነው። የእኚህ ሰው ሥዕል የሕፃን ሙንጭርጭር የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሕፃኑ ጠብታው ሲወድቅ ያልፈዋል፤ እሳቸው ይመልሱለታል።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ሆኜ ሉሕ ላይ ጠብታ ሳይ እንደ ሸኻችን «እጠበው» እላለሁ። ለአላህ ቃል የሚገባው ይኸው ነው። ልጁ ከትምህርት በኋላ በቁራጭ ወረቀት ሲጫወት ቀለም ቢፈስበት ግን አሁን አልቆጣም። ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ቆሜ አያለሁ።

ወላሁ አዕለም።