ሥራና መልክ፦ የፕሮግራመሮች የግል ድረ ገጽ ንድፍ ሲመዘን

ሐኪም ወይም ጠበቃ የግል ድረ ገጹን ሌላ ሰው ቢሠራለት ብቃቱ አይጠረጠርም። የፕሮግራመር ገጽ ግን ጽሑፉ ሳይነበብ መመዘን ይጀምራል፤ ገጹ ራሱ የሙያው ናሙና ነውና። ስለዚህ የንድፍ ስልቶችን ስንመረምር ከውበታቸው አስቀድመን ከባለቤቱ ሥራ ጋር ያላቸውን ዝምድና መጠየቅ ይገባል። የዚህ ዳሰሳ ሙግትም ስልት የሚጸናው ከሥራው ሲወለድ ነው የሚል ነው።

ሁለት ጽንፎች ይህን ያስረዳሉ። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ገጽ ያለ ጌጥ የተደረደሩ የማስፈንጠሪያዎች ዝርዝር ነው ማለት ይቻላል። ይህ ግን ስለ መልክ ግድ ከማጣት የመጣ አይደለም። ክኑዝ የአንዱ መጽሐፉ አዲስ እትም የፊደል አጣጣል ስላላረካው እ.ኤ.አ. በ1977 ቴክ የተባለውን የኅትመት ሥርዓት መሥራት የጀመረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 መጀመሪያ አንሥቶም ጊዜውን ለጥናቱ ለማዋል ሲል ኢሜይል መጠቀም አቁሟል፤ የገጹ ቁጥብነት ከዚህ የሕይወት ምርጫ ጋር ይስማማል። በሌላው ጫፍ ፈረንሳዊው ብሩኖ ሲሞን አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ገጽ ጎብኚው በኪቦርድ ቀስቶች ትንሽ መኪና እየነዳ ሥራዎቹን ይጎበኛል። ሲሞን የሚያስተምረው ባለ ሦስት አውታር ምስል በብራውዘር መሥራትን ስለሆነ ጨዋታው የችሎታው ማስረጃ ነው። የሁለቱ ገጾች መልክ ሰማይና ምድር ቢሆንም መርሃቸው አንድ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ስልት ከሥራው ሲነጠል ነው። የድረ ገጽ ንድፍ ባለሙያው ዴቭ ሺ እ.ኤ.አ. በ2003 በከፈተው ሲኤስኤስ ዜን ጋርደን በተባለ ድረ ገጽ፣ ይዘቱን የያዘው ኤችቲኤምኤል ሳይነካ መልኩን የሚወስነውን ሲኤስኤስ ብቻ በመለወጥ አንድ ጽሑፍ ብዙ መልክ ሊይዝ እንደሚችል አሳይቷል። ቴክኒካዊ ትምህርቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም መልክና ይዘት መለያየት መቻላቸው መስማማት አያስፈልጋቸውም ማለት አይደለም። ዛሬ ብዙዎች "ቀላልነት" ብለው የሚወስዱት ነጭ መደብ ላይ የፈዘዘ ግራጫ ፊደል፣ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ንጽጽር የሚጠይቀውን ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ ሲጥስ ይታያል። አንባቢን ያስቸገረ ቀላልነት በስሙ ብቻ ቀላል ነው።

የተውሶ ስልት ጉድለት ይበልጥ የሚጎላው በአማርኛ ገጽ ላይ ነው። በፕሮግራመሮች ዘንድ የተወደደውን የተርሚናል ስልት፣ ማለትም ጥቁር መደብና አረንጓዴ ፊደል፣ እንውሰድ። ውበቱ የቆመው ፊደላት ሁሉ እኩል ስፋት በመያዛቸው ላይ ነው። እንደ ፊራ ኮድና ጄትብሬንስ ሞኖ ያሉት የኮድ ፎንቶች ግን የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ ብራውዘሩ የጎደሉትን ፊደላት ከሌላ ፎንት ሲተካ ዓምዶቹ ይዛነፋሉ። ርዕስን በትልልቅ የላቲን ፊደላት ብቻ የሚለይ ቴምፕሌትም በአማርኛ ርዕሱን ከሐተታው መለየት ያቅተዋል፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ብሎ አይከፍልምና። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት ስለገባ የቀረው የንድፍ ሥራ ነው፦ ርዕስን በመጠንና በውፍረት መለየት፣ በመስመሮች መካከል በቂ ክፍተት መተው፣ ለፊደሉ ታስቦ የተሠራ ፎንት መምረጥ።

እንግዲህ ፕሮግራመሩ ቴምፕሌት ከማንሳቱ በፊት የሚያሳየውን ሥራ፣ አንባቢውንና የሚጽፍበትን ፊደል ይወስን። ሐያሲውም ገጹን በዘመኑ ፋሽን ሳይሆን በእነዚሁ ሦስቱ ሊመዝነው ይገባል።