ፊትና ጫካ በአንድ ፊልም ላይ፦ ደብል ኤክስፖዠር ከወለጋ ሲታይ

ደብል ኤክስፖዠር አንዱን የፊልም ክፈፍ ሁለት ጊዜ ለብርሃን ማጋለጥ ነው። ሁለተኛው ምስል ቦታ የሚያገኘው የመጀመሪያው ጨለማ አድርጎ በተወለት ስፍራ ነው፤ በነጭ በተቃጠለ ሰማይ ላይ ቅጠል አይታይም። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ሰውየውን በደማቅ ሰማይ ፊት ያቆመውና በጥቁር ቅርጹ ውስጥ ዛፉን ይሞላል። ዛሬ ሥራውን የስልክ መተግበሪያም ይሠራዋል፤ የብርሃንና የጥላው ሕግ ግን ያው ነው።

ይህ ሕግ ጥቁር ፊት ላይ ሲደርስ ሂስ ይጠይቃል። ነጣ ያለ ፊት ዛፉን ወደ ፀጉሩና ወደ ልብሱ ይገፋዋል፤ ዓይንና አፍ ይተርፋሉ። የወለጋው የኑኑ ቁምባ ገበሬ ወይም የነቀምቴ ተማሪ ፊት ግን የመጣውን ቅጠል ሁሉ ይቀበላል። ብርሃኑ ካልታሰበበት ሰውየው ጠፍቶ ጫካው ብቻ ይቀራል። ይህን እንደ ተራ የአሠራር ጉድለት አላየውም። አፍሪካዊውን የመልክዓ ምድሩ ጌጥ አድርጎ ያነሣ የቆየ የውጭ ካሜራ አለ፤ እኛው በገዛ እጃችን ያንን መድገም የለብንም።

ስልቱ በራሱ ግን ክፉ አይደለም። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ሃሪ ካላሃን በ1958 (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ የሚስቱን የኤሌኖርን ገላ ከመስክ ጋር በአንድ ፊልም ላይ አዋሕዷል፤ ምስሉ እሷን አይሰውራትም፣ መሬቱን የእሷ ያደርገዋል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ትሩ ዲቴክቲቭ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ መክፈቻ ደግሞ በገጸ ባሕርያቱ ፊት ውስጥ የሉዊዚያናን የነዳጅ ማጣሪያዎች አስገብቷል። እዚያ ምድሩ ሰውን የበከለ ምድር ነው። ሁለቱም ሥራዎች የሚሳኩት ገላው ወይም ፊቱ ውስጥ የገባው ቦታ ከዚያ ሰው ሕይወት ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ነው።

የእኛ አገር ፎቶ አንሺዎች ወደዚህ ሐሳብ በሌላ መንገድ ደርሰዋል። ሚካኤል ጸጋዬ በአዲስ አበባ መቃብሮች ላይ የተለጠፉ ጉርድ ፎቶዎችን አንሥቷል፤ ፀሐይና ዝናብ መልካቸውን ሰነጣጥቀው አደብዝዘውታል። ሁለተኛውን ኤክስፖዠር የሠራው ጊዜ ነው ማለት ይቻላል፤ ከመተግበሪያ ከሚወጣው ሁሉ ይልቅ እኔን የሚነካኝ ይኸኛው ነው። አይዳ ሙሉነህ በበኩሏ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በአፋር ዳሎል ስለ ውሃ እጦት ባነሣችው ተከታታይ ሥራ የሴቶቹን ፊት በቀለም ቀብታ በጨው ምድሩ ላይ አቁማቸዋለች። ፊትና ምድር አልተደራረቡም፤ ቀለሙ ፊቱን ከበስተኋላው ለይቶ ያወጣዋል፣ ሆኖም ተመልካቹ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማየት አይችልም።

ወለጋ ለዚህ ስልት የሚሆን ሀብት አላት። በዓለም የቡና ገበያ «ለቀምቲ» የሚባለው ቡና ስሙን ያገኘው ከነቀምቴ ነው፤ ከዋንዛ ጥላ ሥር የሚለቀም ቡና፣ በክረምት ከሰው ቁመት የሚበልጥ በቆሎ እዚያው ደጅ አለ። ባሕር ዛፍም ቢገባ ሐሰት አይሆንም፤ በምኒልክ ዘመን የመጣ እንግዳ ቢሆንም ዛሬ የቤቱ ማገር፣ የምድጃው ማገዶ እሱ ነው። በየመተግበሪያው ተዘጋጅቶ የሚገኘው በጉም የተሸፈነ የጥድ ጫካ ግን ከነቀምቴ ልጅ ፊት ጋር ምንም ትውውቅ የለውም። ድሮ በየፎቶ ቤቱ ፏፏቴና አበባ የተሳለበት መጋረጃ ነበር፤ እሱ ቢያንስ ከሰውየው ጀርባ ይሰቀል ነበር እንጂ ፊቱ ውስጥ አይገባም ነበር። ፊት ውስጥ የሚገባ ዛፍ ስለ ባለፊቱ ይናገራልና ኃላፊነቱ ይከብዳል።

ስለዚህ በነቀምቴና በጊምቢ ፎቶ ቤት ከፍታችሁ የምትሠሩ ወጣቶች ሆይ፣ ቅጠሉን ከተነሺው ጓሮ አንሡ፤ ከጎን በሚገባ ብርሃን ግማሽ ፊቱን አድምቁ፣ ቢያንስ አንዱ ዓይን ከቅጠሉ ነጻ ይሁን። ምስሉን ከማተማችሁ በፊትም ለተነሺው አሳዩት፤ ራሱን ካላገኘበት ድጋሚ አንሡት።