ዮናስ ለቅሊቱ ስለ ምን አዘነ?

ትንቢተ ዮናስ 4 ምዕራፍ ብቻ ያለው ትንሽ መጽሐፍ ነው። ከዐቢይ ጾም 2 ሳምንት አስቀድሞ ሰኞ በሚገባው በ3ቱ ቀን ጾመ ነነዌ ታሪኩ በየቤተ ክርስቲያናችን ይሰማል። ዳሩ ግን ከሰሚው ብዙው፣ ከሰባኪውም አያሌው፣ በዓሣ አንበሪው ሆድ 3 ቀንና 3 ሌሊት ከዮናስ ጋራ ሰንብቶ፣ ነቢዩ ወደ የብስ ሲወጣ እርሱም መጽሐፉን ዘግቶ ይወጣል። የመጽሐፉ ፍሬ ግን ያለው በ4ኛው ምዕራፍ ነው።

ጸሓፊው ዮናስን ከፍጥረት ሁሉ ጋራ እያስተያየ ይተርካል። እግዚአብሔር ዓሣውን ቢያዝዘው ዋጠ፤ ቅሊቱን ቢያዝዛት በቀለች፤ ትሉን ቢያዝዘው ቅሊቱን መታት፤ ነፋሱን ቢያዝዘው ነፈሰ። እንቢ ያለ ነቢዩ ብቻ ነው። አሕዛብ የሆኑት መርከበኞች እንኳ መከራው በዮናስ ምክንያት እንደ መጣባቸው ከሰሙ በኋላ፣ እርሱን ወደ ባሕር ላለመጣል ወደ የብስ እየቀዘፉ ደከሙ። እነርሱ ለአንድ እንግዳ ራሩ፤ እንግዳው ግን ለአንድ ከተማ ሕዝብ አልራራም።

ነነዌ ንስሓ ገብታ በዳነች ጊዜ ነቢዩ ተቈጣ፤ በስተ ምሥራቅም ዳስ ሠርቶ የምትሆነውን ሊያይ ተቀመጠ። ቅሊቱ ስታጠላለት እጅግ ደስ አለው፤ በማግሥቱ በደረቀች ጊዜ ሞትን እስኪመኝ ድረስ አዘነ። እንግዲህ ያዘነው ለቅሊቱ ነውን? አይደለም፤ ለጥላዋ ነው። ትሉ በሌላ ሰው ደጅ የበቀለችውን ቅል አድርቆ ቢሆን ኖሮ ዮናስ ዘወር ብሎም ባላያት ነበር።

ይህ ነገር በዮናስ ብቻ የሚቀር አይደለም። ባለ አህያው አህያው ስትሞትበት ያለቅሳል፤ በሕይወት ሳለች ግን መጫኛው ሥጋዋን ሲበላው ጭነቱን አላቀለለላትም። እኛም በደጃችን ያለው ዛፍ ቢቈረጥ እንጮኻለን፤ ተራራው ሲራቈት ዝም እንላለን። የዘመዳችን ሕመም እንቅልፍ ይነሣናል፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር የተኛውን ችግረኛ ግን እናልፈዋለን። ኀዘናችን ሐሰት ነው አልልም፤ ነገር ግን ከጥላችን አያልፍም። እግዚአብሔርም የዮናስን ትንሽ ኀዘን አልናቀውም፤ ከርሷ ተነሥቶ ትልቁን ርኅራኄ አስተማረው እንጂ።

«ሰው እየተራበ ለእንስሳ ማዘን ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። መጽሐፉ ግን ለዚህ ክርክር አስቀድሞ መልስ ሰጥቶበታል። እግዚአብሔር ለነነዌ ያዘነበትን ምክንያት ሲገልጥ፣ ቀኛቸውንና ግራቸውን ያልለዩትን ከ120 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ቈጥሮ፣ ብዙ እንስሳትንም ጨምሮ ተናገረ። በንጉሡ ዐዋጅ እንስሳቱ ከሰው ጋራ ጾመው ማቅ ለብሰው ነበርና፣ በጾሙ የተባበሩት በምሕረቱም አልተለዩም። ሰውና እንስሳ በአንድ ቃል ከተጠሩ፣ ለአንዱ ለማዘን ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ7ኛው መቶ ዓመት፣ የዚያችው የነነዌ ጳጳስ የነበረው ማር ይስሐቅ፣ የሚራራ ልብ ለሰው፣ ለአዕዋፍ፣ ለአራዊት፣ ለአጋንንትም ሳይቀር በርኅራኄ የሚነድ ልብ ነው ሲል አስተማረ። በስሙ የሚጠራውን መጽሐፍ መነኮሳቶቻችን እስከ ዛሬ ያነቡታል። ዮናስ በነነዌ ደጅ ተቀምጦ ያጣውን፣ ጳጳሷ አገኘው።

መጽሐፉ በጥያቄ ያልቃል፤ የዮናስ መልስ አልተጻፈም። ይህ ጉድለት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ለእኔ ግን መልሱ ለአንባቢው የተተወ ይመስለኛል። እንግዲህ በሚመጣው ጾመ ነነዌ ታሪኩን ስንሰማ ከዓሣው ሆድ ወጥተን እስከ ቅሊቱ እንሂድ። ከቤተ ክርስቲያንም ስንመለስ፣ ምንም ጥላ የማይሰጠንን አንድ ፍጥረት፣ በደጁ የተኛውን ድኻ ወይም ቍስሏን ዝንብ የወረራትን የጭነት አህያ፣ ቆም ብለን እንይ።