ፕላስቲኩ ዳይኖሰርና የራያው የጭቃ በሬ

ሥዕል በሸራ ላይ ሲወጣ፣ ሐውልት በአደባባይ ሲቆም፣ ዜማ መድረክ ሲያገኝ ሐያሲው ብዕሩን ያነሣል። ሕፃናት በእጃቸው የሚያገላብጡት ትንሽ ቅርጽ ግን የማንም ጉዳይ ሳይሆን ይቀራል። በሌላው ዓለም ይኸው ትንሽ ቅርጽ፣ በተለይም የዳይኖሰር መጫወቻ፣ የጎልማሶች ሀብትና ክርክር ከሆነ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ከካርቶኑ ያልወጣ፣ ቀለሙ ያልተላጠ፣ ፋብሪካው መሥራቱን ያቆመው አንድ የፕላስቲክ እንስሳ መጀመሪያ ከተሸጠበት ዋጋ ብዙ እጥፍ ሲከፈልበት ይታያል። ቁጥር እየተሰጣቸው በጥቂቱ የሚወጡት፣ በእጅ ቀለም የተቀቡት የሬዚን ቅርጾችማ በመቶ በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ። ይህን የሰማ የቆቦ መምህር ቢስቅ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከሳቁ በኋላ የሚቀር ቁም ነገር አለና እሱን እንመርምር።

ጉዳዩን የሰማሁት ከሩቅ ነው፤ ያሰብኩበት ግን እዚያው ራያ ላይ ነው። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ቆቦ ሄጄ ሳለ ከዋናው አስፋልት ዳር ካለ አንድ ሱቅ በመረብ ከረጢት የታሰሩ ደርዘን ያህል የፕላስቲክ ዳይኖሰሮች ገዛሁ። በሆዳቸው ላይ የተሠሩበት አገር ስም በላቲን ፊደል ታትሟል፤ የእንስሳቱ ስም ግን አልተጻፈም። በማግሥቱ በሮቢት በኩል ወደ ጎሊና ወንዝ ስወርድ ከብት የሚጠብቁ ልጆች በግራር ጥላ ሥር የጭቃ በሬዎቻቸውን ጠምደው ሲያርሱ አገኘኋቸው። ከረጢቱን ፈትቼ ሰጠኋቸው። ከመካከላቸው ከፍ ያለው በሁለት እግሩ የሚቆመውንና ጥርሱን ያገጠጠውን አንሥቶ ወዲያና ወዲህ አገላበጠው።

«ጋሼ፣ ይኼ ምን የሚሉት ነው?»

«ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ አውሬ ነው፤ ዳይኖሰር ይባላል። አንተስ ምን ይመስልሃል፣ ልጄ?»

«ገበሎ ይመስላል። ግን ሻኛ የለው፤ ቀንበሩ ምኑ ላይ ያርፋል?»

ጥቂት ተመካከሩና ለጅብነት ሾሙት። እስከ ማታም ድረስ ያ አውሬ ከቁጥቋጦ ሥር እየወጣ የጭቃውን መንጋ ሲያሳድድ ዋለ። ስለ ዳይኖሰር መጫወቻ ካነበብኩት ሁሉ የዚህን እረኛ ያህል አጭርና ትክክለኛ ሂስ አላገኘሁም። ቅርጹን የመዘነው በሥራው ነው፤ መሸከም የማይችለውን ከአራሾች ጎራ አስወጥቶ ሊጫወት ለሚችለው ሚና መደበው።

እስቲ ስለ ጭቃው በሬ እናውጋ፤ ዋናው ጉዳያችን እሱ ነውና። ጭቃው ከወንዝ ዳር የሚቆፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ጠጠሩ ይለቀማል፣ በውሃ እየራሰ ይታሻል፣ ከዚያ በኋላ በሁለት መዳፍ መካከል ይድቦለቦላል። እሳት አያየውም፤ የሚያደርቀው ፀሐይ ብቻ ነው። እርጥብ ጭቃ ቀጭን እግር ስለማይችል ልጆቹ እግሮቹን አጭርና ወፍራም ያደርጓቸዋል፤ አንዳንዶቹም የፊቱን ሁለት እግር አንድ ላይ ያጣምሩታል። ግመል የሚሠራ ልጅ ግን በዚህ መንገድ መሄድ አይችልም። የግመል ግርማ በእግሩ ርዝመት ነውና የማሽላ አገዳ ቆርጦ ይተክልለታል። ቀንዱ የግራር እሾህ ነው። የራያ ከብት በቀንዱ ርዝመት የታወቀ ስለሆነ ልጆቹ ረጅሙን እሾህ መርጠው ሲሰኩ አስተውያለሁ። ቀንበሩ የአገዳ ቁራጭ፣ ማነቆው እሾህ፣ ምራኑ ደግሞ ከልጥ የተገመደ ክር ነው። ሻኛው ከእውነተኛው በሬ ሻኛ በእጥፍ ይበልጣል። ይህን የመጠን ስሕተት የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። አራሽ በበሬው ላይ አስቀድሞ የሚያየው ምን እንደሆነ ሕፃኑ በጭቃ ተናግሯል። አፉም ተዘግቷል፤ የሚያርስ በሬ ነውና አይጮኽም።

በፕላስቲኩ ላይ የማነሣው የመጀመሪያው ነቀፌታ ይህንኑ አፍ የሚመለከት ነው። በገበያ ከሚገኙት ርካሽ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች መካከል አፉን የዘጋ ማግኘት ያስቸግራል። «ጁራሲክ ፓርክ» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1993 ከታየ ወዲህማ ነገሩ ጭራሽ ብሶበታል። ሁሉም ያገሣሉ፤ አንዱም አያርፍም፣ አይተኛም፣ ውሃ አይጠጣም። እንስሳ በሕይወት ሳለ አብዛኛውን ጊዜውን በዝምታ እንደሚያሳልፍ ከብት የጠበቀ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቀራጺው አስፈሪነትን ብቻ ከያዘ የእንስሳውን ኑሮ ስቷል።

ከዚህ ላይ ታሪኩን በጥቂቱ ማንሣት ይገባል። ዳይኖሰር የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1842 ያወጣው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን ሲሆን ከግሪክኛ የተውጣጣው ቃል አስፈሪ እንሽላሊት ማለት ነው። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1854፣ ቀራጺው ቤንጃሚን ዋተርሃውስ ሆኪንስ በደቡብ ለንደን በክሪስታል ፓላስ መናፈሻ ውስጥ እነዚህን ፍጥረታት በሙሉ ቁመናቸው አቆማቸው። ከመካከላቸው ኢጓኖዶን የተባለው በአፍንጫው ላይ ቀንድ ተተክሎለት ነበር። በ1878 በቤልጂየም በበርኒሳር የከሰል ማዕድን ውስጥ ከ30 የሚበልጡ አፅሞች ሲገኙ ቀንድ የተባለው ነገር የእንስሳው አውራ ጣት መሆኑ ታወቀ። ሐውልቱ ግን ጣቱን በአፍንጫው ላይ እንደ ተሸከመ እስከ ዛሬ ቆሟል። ሆኪንስ የእነዚህን ሐውልቶች ትንንሽ አምሳያዎች ለትምህርት መርጃ እንዲሸጡ ስላደረገ የዛሬው መጫወቻ ከትምህርት ቤት የተወለደ ነው ለማለት ይቻላል።

ፕላስቲክ ከመጣ በኋላ ጉዞው ፈጣን ሆነ። የአሜሪካው ማርክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1955 ዳይኖሰሮቹን ለሕፃናት አቀረበ። በ1964ና በ1965 በኒው ዮርክ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ሲንክሌር የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በጎብኚው ፊት ዳይኖሰር የሚያትም ማሽን አቁሞ ነበር። የእንግሊዙ ኢንቪክታ ከ1974 ጀምሮ ከለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጋር፣ ሳፋሪ የተባለው ድርጅት ደግሞ ከ1988 እስከ 2015 ከፒትስበርጉ ካርኔጊ ሙዚየም ጋር እየተባበሩ በሊቃውንት የታረሙ ቅርጾችን አወጡ። ኢንቪክታ ሁሉንም በአንድ መለኪያ፣ ከእውነተኛው መጠን በ45 እጅ አሳንሶ ነበር የሠራቸው። ስለዚህ ሕፃኑ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያቆማቸው የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ ያለ አስተማሪ ያውቃል። ይህ የሚደነቅ ሐሳብ ነው፤ በቆቦው ከረጢት ውስጥ ግን ባለ ረጅም አንገቱ ግዙፍ እንስሳና ጥርሳሙ አውሬ እኩል ነበሩ።

ሰብሳቢዎቹ ገንዘባቸውን የሚያፈሱት እንግዲህ በእነዚህ በቆሙት ሥራዎች ላይ ነው። የሚገርመውም ከተፈላጊዎቹ ብዙዎቹ የሳይንስ እውነታቸው ያለፈባቸው መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ጆን ኦስትሮም ዳይኖኒከስ የተባለውን ፈጣን እንስሳ ካስተዋወቀ፣ በ1996 ደግሞ በቻይና ላባ መሰል ሽፋን ያለው ዳይኖሰር ከታወቀ ወዲህ ጅራቱን መሬት ለመሬት የሚጎትተው ሰነፍ ዳይኖሰር ተሽሯል። የአሮጌው መጫወቻ ጅራት ግን አሁንም መሬት ላይ ተጋድሟል። ሰብሳቢው ይህን ስሕተት አይቶ አይጥለውም፤ የዚያን ዘመን ዕውቀት የተቀረጸበት ሰነድ ነው ብሎ ያስቀምጠዋል። በዚህ ነጥብ ላይ ሰብሳቢውን እደግፋለሁ።

የማልደግፈው የካርቶኑን ጉዳይ ነው። ሕፃን ያልነካው መጫወቻ ከነካው ይልቅ ይከበራል ማለት፣ ያልተጨፈረበት ከበሮ ከተጨፈረበት ይሻላል እንደ ማለት ነው። ሣጥኑ ካልተከፈተ ውስጡ ያለው ነገር መጫወቻ መሆኑ ቀርቶ የተቀመጠ ገንዘብ ሆኗል። ዳሩ ግን ቁሱ ራሱ ባለቤቱን ይከዳዋል። ለስላሳው ፕላስቲክ ዕድሜው ሲገፋ ያለሰለሰው ኬሚካል ወደ ላይ እየወጣ መጣበቅ ይጀምራል፤ ቀለሙን ፀሐይ ይበላዋል። የራያን ጭቃ የክረምት ዝናብ በአንድ ሌሊት ያሟሟዋል፤ የሰብሳቢውን ዳይኖሰር ጊዜ በሃምሳ ዓመት ያጣብቀዋል።

በዚህም ሆነ በዚያ ሰብሳቢዎቹን «ሥራ ፈቶች» ብሎ ማለፍ ለእኛ ቀላል ቢሆንም ትርፍ የለውም። እነዚህ ሰዎች በየቅርጹ ላይ የወጣበትን ዓመት፣ የቅርጽ ማውጫውን ለውጥ፣ የቀለሙን ዓይነት፣ የቀራጺውን ማንነት ጭምር መዝግበዋል። የካርኔጊዎቹን አብዛኞቹን የቀረጸችው ፎረስት ሮጀርስ መሆኗን የመጫወቻ ወዳጆች ሁሉ ያውቃሉ። አንድ ርካሽ ዕቃ የሠሪዋን ስም ይዞ ይኖራል ማለት ነው። የራያው ልጅ በሬ ግን ከነስሙ ይሟሟል። ስለ ባህላዊ ቅርስ በየስብሰባው ብዙ የምንናገር ሰዎች የአንዱን የጭቃ በሬ ሠሪ ስም እንኳ መጥራት የማንችል መሆናችን ሊያሳስበን ይገባል።

ለመሆኑ የጭቃ በሬ ይህን ያህል ክብር ይገባዋልን? በአክሱም አጠገብ በሐውልቲ በተደረገው ቁፋሮ ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበሩ ሰዎች የሠሯቸው የበሬ ቅርጽ ያላቸው የሸክላ ምስሎች ተገኝተዋል። ያን ጊዜ የተሠሩት ለአምልኮ ይሁን ለሌላ፣ ዛሬ የጥንት ሥልጣኔ ማስረጃ ሆነው ይጠናሉ። የእረኛው በሬ የሚለየው ባለመተኮሱና ሠሪው ዛሬ በሕይወት ያለ ልጅ በመሆኑ ነው፤ ልጁን ግን ልንጠይቀው እንችላለን፣ የሐውልቲን ሰው አንችልም።

ዳይኖሰር ራሱ ለአገራችን ባዕድ ነው የሚለውም አነጋገር ልክ አይደለም። ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ፣ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ከሚባለው ንብር ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች መገኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ገልጿል። የቆቦ እረኛ በደጁ ቢቆፍር አያገኝም፤ ይህ የእሱ ጥፋት አይደለም። የራያ ሜዳ ጎርፍ ያወረደው ደለል ነው። በስተምዕራብ የሚታየው የወሎ ተራራም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ ቅልጥ ዐለት የተሠራ ሲሆን፣ ዳይኖሰሮች ግን ወፎቹ ሲቀሩ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፍተዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ታላላቅ እንስሳት ግን ሩቅ አይደሉም። ከጎንደር በስተምዕራብ በጭልጋ 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያላቸው የጥንት ዝሆን ዘመዶችና በአፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች የነበሩት አርሲኖይቴሪየም ተገኝተዋል። ከራያ ቆላ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በአፋር ሐዳር፣ ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ተገኘች። ይህን ሁሉ የሚያስተምር መጫወቻ በመረቡ ከረጢት ውስጥ አልነበረም። የጭልጋውን ባለ ሁለት ቀንድ አውሬ ከጭቃ አድርጎ ማሳየት ለአንድ የሥዕል መምህር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ቀንዱ እንደሆነ ከግራሩ ላይ አለ።

እንዲህ ያለ መምህር በዚያው በቆቦ አካባቢ አውቅ ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ከክረምት ሲመለሱ የጭቃ እንስሳት ይዘው እንዲመጡ ያደርግ ነበር። በሬውን ከልጁ እጅ አይወስድም፤ ተጫውተው የጠገቡትን ብቻ ይቀበላል። ሳንቲምም አይከፍልም። አንድ ጊዜ ምክንያቱን ብጠይቀው «ከከፈልኩ የሚሠሩት ለበሬው ሳይሆን ለእኔ ነው» አለኝ። ይህ አባባሉ በውጭው የመጫወቻ ገበያ ላይ ከላይ ከደረደርኩት ትችት ሁሉ ይልቃል። በአራት ዓመት ውስጥ የክፍሉ መደርደሪያ ሞልቶ ነበር፤ በሬ፣ ላም፣ ግመል፣ ጅብ፣ አንድ የጭነት መኪናም ጭምር።

ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሲከፈት መደርደሪያውም አልነበረም፣ ጭቃውም አልነበረም። ዋልካ ሲረገጥ ተመልሶ ዋልካ ነውና ፍርስራሹን እንኳ መለየት አልተቻለም። መምህሩ ግን ሲሰደድ በቦርሳው ውስጥ አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ይዞ ነበር። በውስጡ እያንዳንዱ እንስሳ በእርሳስ ተስሏል፤ ከጎኑም ሠሪው፣ የክፍል ደረጃው፣ ጭቃው የመጣበት ቦታና የቀንዱ ዓይነት ተጽፏል። የሰብሳቢነትን ሙያ ማንም ሳያስተምረው ደርሶበታል። እንዲህ ያለው ደብተር መታተምና መባዛት ሲገባው እስካሁን በአንድ ሰው ቤት በፌስታል ተጠቅልሎ መቀመጡ የባህል ሠራተኞችን ሁሉ የሚመለከት ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ያሳያል፤ ለልጅነትም ስፍራ ሰጥቷል። ደብተሩ እዚያ ቢገባ ቦታውን ያገኛል።

ገጾቹን እንድመለከት ፈቅዶልኝ ነበርና ጥቂቶቹን ልጥቀስ፤ የልጆቹን ስም ትቻለሁ። «በሬ፤ 3ኛ ክፍል፤ የጎሊና ጭቃ፤ ቀንድ የግራር እሾህ፤ የግራ ቀንድ በጨዋታ ተሰብሯል።» «ግመል፤ 5ኛ ክፍል፤ እግር የማሽላ አገዳ፤ ወደ ቀኝ ያጋድላል።» «ላም፤ 2ኛ ክፍል፤ ሴት ልጅ የሠራችው፤ ጡቷ አራት ነው፣ ወንዶቹ ይረሱታል።» በ2010 ዓ.ም. ገጽ ላይ ደግሞ ይህ ይነበባል፦ «ስሙ ያልታወቀ፤ 4ኛ ክፍል፤ በሁለት እግሩ የሚቆም፤ ጥርስ የእሾህ ጫፍ፤ ልጁ ሻኛ ጨምሮለታል፤ ለምን ብዬ ስጠይቀው እንዲያርስ አለ።»